እኔ ከሌለሁ የሚቆም ሱቅ

የቧንቧ ነጋዴው፦ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ሠራተኞቼ ሦስት ናቸው፤ ዋጋው ግን ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐረር ለቀብር ሄጄ አሥራ ሰባት ጊዜ ተደወለልኝ፤ አንዱ ጥሪ አስከሬኑ ሲወጣ ነበር። ዘመድ አዝማድ እንዴት እንዳየኝ አትጠይቁኝ። አሁን አራተኛ ሰው ልቀጥር ነው። የእህቴ ልጅ ይሻላል ወይስ ሥራ የሚያውቅ ባዕድ?

ከሐረር፦ ወንድሜ፣ አራተኛ ሰው ስትቀጥር አራተኛ ደዋይ ነው የምትጨምረው። መጀመሪያ ዋጋውን ደብተር ላይ አውርደው፤ ከመሸጫው ጎን ዝቅተኛውንም ጻፍ። ሠራተኛው እስከ ዝቅተኛው ዋጋ ድረስ ሳይደውል ይከራከር።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የእህትዎን ልጅ ቢቀጥሩም ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በቃል ከሆነ ደግሞ ሙከራ አይባልም። ገንዘብ የሚቀበለውና ዕቃ የሚያወጣው አንድ ሰው እንዳይሆኑ። እኔ ብሆን ለእጩው የዕቃ ዝርዝር ሰጥቼ መደርደሪያው ላይ ያለውን አስቆጥረው ነበር። ቁጥሩ ሲጠፋበት እንደገና የሚቆጥር ነው ወይስ የሚገምት? እሱን አያለሁ።

የቧንቧ ነጋዴው፦ ትናንት በቀትሩ ሙቀት ሱቁን ዘግተን ዋጋ ስንጽፍ ዋልን። የግማሽ ኢንች የቧንቧ መዝጊያን ዋጋ እኔ ተሳሳትኩ፤ ያረመኝ ዕቃ ተሸካሚው ልጅ ነው። አራተኛውን ቅጥር ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። ለእህቴ ምን እንደምላት ግን ቸግሮኛል።