የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ጠብታ የጉበት ቫይረስን ይፈውሳልን?

የበኩር ታናሽ፦ አባቴ ሄፓታይተስ ቢ አለበት፤ ቫይረሱን የሚያፍነውን ቴኖፎቪር የተባለ ኪኒን መውሰድ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከአሜሪካ የመጣው ታላቅ ወንድሜ «ቫይረስ ይገድላል» ብሎ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚሠራባቸው ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች አመጣለት። ከሁለቱም እኩል ጠብታ ይደባለቃል፤ ቢጫ ሲሆን ውሃ ተጨምሮበት ይጠጣል። ትናንት ማታ በሻይ ብርጭቆ ሲያዘጋጀው ቤቱ በረኪና በረኪና ሸተተ። አባቴ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ወንድሜ ግን «በሽታው እየወጣ ነው» ይላል። ምን ትላላችሁ?

የጉና ሰው፦ ወንድምህን ለመኮነን አልቸኩልም። እኛ ኮሶ እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሆዱ ሳይታወክ የሻረው አልነበረም። የሆስፒታሉ ኪኒንም ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ነቅሎ አያወጣውም፤ ሐኪሞችም አይክዱትም። ይህ ኬሚካል ደግሞ የመጠጥ ውሃ ይታከምበታል። ቦሊቪያም በኮሮናው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በሕግ ፈቅዳዋለች። ምክር ቤት የፈቀደውን መርዝ ማለት ይከብደኛል።

የውሃ ኬሚስት፦ ስለ ውሃው ልክ ነዎት፤ የእንጀራዬ ሥራ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ነገሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ደንብ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሊትር ከ0.8 ሚሊግራም፣ የሚሠራበት ክሎራይት ደግሞ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዛል። ከጠርሙሶቹ አንዱ ብዙውን ጊዜ 28 በመቶ ሶዲየም ክሎራይት የሟሟበት ውሃ ነው፤ አንዲት ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብትገባ ከወሰኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ትሆናለች። ሁለተኛው ጠርሙስ አሲድ ነው፤ ከክሎራይቱ ቢጫውን ጋዝ፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይድን፣ የሚያስነሳው እሱ ነው። ጋዙ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ቫይረስና የሰው ሥጋ አይለይም። ቫይረሱ የተደበቀው ጉበት ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ኬሚካሉ ግን እዚያ ሳይደርስ ጉሮሮንና ጨጓራን ያገኛል።

ቦሊቪያንም ካነሱ፣ ያንን ሕግ የተቃወመው የአገሪቱ የራሷ ጤና ሚኒስቴር ነበር።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ኮሶ የሚያስወጣው አንጀት ውስጥ የተቀመጠ ትል ነው፤ ሲወጣም በዓይን ይታያል። ቫይረስ በትውከት አይወጣም። «በሽታው እየወጣ ነው» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው፤ ሰውነት አቁሙ እያለ ሲጮህ፣ ቤተሰቡ ጩኸቱን የመዳን ምልክት አድርጎ ይሰማዋል፤ መጠኑንም ይጨምራል። በዚህ ኬሚካል የተመረዘ ሰው ውሃው ያልቃል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ጉበቱ ሥራ ያቆመበትም አለ።

የበኩር ታናሽ፣ አንድ ነገር ንገረኝ፦ አባትህ ኪኒኑን አቁመዋል?

የበኩር ታናሽ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት አቁሟል። ሻጮቹ «አብሮ አይሄድም» ብለዋል አሉ።

ነርሷ፦ እንግዲያው አደጋው ሁለት ነው። ቴኖፎቪር ያለ ሐኪም ምክር ሲቋረጥ ታፍኖ የነበረው ቫይረስ ተነስቶ ጉበቱን በአንድ ጊዜ ሊያቆስለው ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው፤ ሁለቱንም ጠርሙሶች ያዝ።

የጉና ሰው፦ መድኃኒት ማቋረጡን እኔም አልደግፍም። ግን ወንድሙ ያመጣው በክፋት አይደለም።

ስደተኛው፦ ማንም በክፋት አላለም። እኔ የምኖረው ፍሎሪዳ ነው። እዚሁ አንድ አባትና ሦስት ልጆቹ ይህንኑ ፈሳሽ በቤተ ክርስቲያን ስም «ቅዱስ ቁርባን» ብለው ለኮሮና፣ ለካንሰር፣ ለኤች አይ ቪ ሲሸጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱ ልጆች ከ12 ዓመት በላይ፣ አባትየውና ሦስተኛው ልጅ አምስት አምስት ዓመት ተፈርዶባቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አስጠንቅቋል። ወንድምህ ይህን ቢሰማ ኖሮ ጠርሙሱን በሻንጣው አይከትም ነበር፤ ያታለሉት እንዲህ ያሉ ሻጮች ናቸው።

የበኩር ታናሽ፦ ድንገተኛ ክፍል ደርሰናል፤ ግሉኮስ ተተክሎለታል። ደም ወስደዋል፤ የጉበት ምርመራውን እየጠበቅን ነው። ለምን ጠጣህ ስለው፣ «ልጄ ያን ሁሉ አገር ተሸክሞት መጥቶ እንዴት እምቢ እለዋለሁ?» አለኝ። ጠርሙሶቹን ለሐኪሙ ያስረከበው ወንድሜ ራሱ ነው።