በእንግድነት ገብቶ የሰው የዘወትር ኑሮ ይጠናል ወይ?

ጠያቂ (የማስተርስ ተማሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በኮንዶሚኒየም ስላለው የቤት ውስጥ ኑሮ ነው። ሰፈሩ ጀሞ፣ እስካሁን የገባሁበት ቤት ደግሞ 11 ነው።

ችግሬን ልንገራችሁ። በቀጠሮ ስሄድ ቤቱ ተጠርጎ፣ የሶፋው ልብስ ተቀይሮ፣ ቡናው ተቆልቶ ይጠብቀኛል። «ማእድ ቤቱ ይበቃችኋል?» ስል «ተመስገን፣ ምን ጎድሎን» ይሉኛል። ማታ ቅጂውን ስሰማው የሁሉም መልስ አንድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዷ ቀጠሮዬን ረስታው ኖሮ እንጀራ ስትጋግር ደረስኩባት። ምጣዱ የተጣደው ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በበሩ መሀል ነው። ማእድ ቤት ከገባ መቆሚያ የለም። ሶፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ልጆቹ አልጋ ላይ ሆነው የቤት ሥራ ይሠራሉ። እንጀራው ሲወጣ ሰፌዱን ቡፌው ላይ ታሳርፈዋለች። በዚያ አንድ ሰዓት ያየሁት በሌሎቹ ቤቶች ሁሉ ጠይቄ ካገኘሁት ይበልጣል። እሷ ግን አፍራ ደጋግማ ይቅርታ ትለኝ ነበር።

ሰው ሳላሳፍር፣ ሳልዋሽም፣ እንዲህ ያለውን ቀን እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ሶሲዮሎጂ ያስተማርኩ ነኝ

ስለ ቤቱ መጠየቅ ተዪና ስለ እቃው ጠይቂ። «ይሄ ምጣድ በማይጋገርበት ቀን የት ነው የሚቀመጠው?» በያት። ለዚህ «ተመስገን» ብላ አትመልስም፤ ተነስታ ታሳይሻለች። የቤቱን ንድፍ በእጅሽ ሳዪና ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚሆን አብራችሁ ሙሉት።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደውን የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም እዪው። ሰው ቀኑን በምን በምን እንደሚያሳልፍ ታገኚበታለሽ። ሶፋው መገፋቱን ግን ካንቺ በቀር የሚጽፈው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ሳይቶች ኮሙናል፣ ማለትም የነዋሪዎች የጋራ ቤት፣ ተሠርቷል። እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና በግ ማረጃ እንዲሆን ነበር የታሰበው። አሁን ምን እንደሆነ ሄደሽ ተመልከቺ።

መልስ፦ የጎተራ ነዋሪ

ልጄ፣ የእኛው ኮሙናል መጋዘን ሆኗል። ባይሆንም ኖሮ ሊጥ ተሸክሜ ከአራተኛ ፎቅ አልወርድም። ደሞ የቆጣሪው ነገር አለ። በጋራ ምጣድ ማን ስንት እንደጋገረ ማን ይለያል? የጎረቤት ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

እኔ የምጋግረው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ያኔ መብራቱ ኃይል አለው። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እንግዲህ ሌሊት ነይ አይባል። ወፍጮ ቤት አብረሻት ሂጂ፣ ዱቄቱን አግዢያት። ከዚያ ወዲህ ሶፋ ጠርጋ አትጠብቅሽም።

መልስ፦ ስሜ ይቆይ

የቤት ሠራተኛዋንስ ጠየቅሻት? እኔ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የምተኛው ማእድ ቤት ወለል ላይ ነበር። ፍራሼ ቀን የሚገባው አሠሪዎቼ አልጋ ሥር ነው። ስለዚህ ጠዋት እነሱ እስኪነሱ ጠቅልዬ በሩ ጥግ አቆመዋለሁ። ውሃ ልጥድ ስል ይወድቅብኛል። እሁድ እነሱ አርፍደው ሲነሱ ፍራሹም እንደቆመ ያረፍዳል። ይሄን እትዬ አያውቁትም፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን ማእድ ቤት የሚገቡት ረፍዶ ስለሆነ ነው።

አሠሪዋ ፊት እንዳትጠይቂያት። ምንም አትልሽም፣ ኋላም እሷ ላይ ይመጣባታል። ብቻዋን ስትወጣ፣ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ አነጋግሪያት።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ፣ የዓይኑን ነገር ከእርስዎ ባልሰማ በምን አውቀው ነበር?

ስሜ ይቆይ ላልሽው፣ ማስታወሻዬን ገለጥኩት። ከ11ዱ ቤት በአራቱ ቡናውን ያፈላችልኝ ሠራተኛ ነበረች። ስለ አንዷም አንድ መስመር አልጻፍኩም። አራቱም ቤት ተመልሼ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ የረሳችኝ ሴትዮ ጋም ደወልኩ። ወፍጮ የምትሄደው ሐሙስ ነው፤ ነይ ብላኛለች።