በምናባዊ ቻይና ሙታኑን ሊያስነሣ ስለሚጥር ወጣት አልኬሚስት

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። በምናባዊ ቻይና የሚፈጸም ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። ዋናው ገፀ ባሕርይ እናቱንና ታናሽ እኅቱን በወረርሽኝ አጥቶ፣ በመድኃኒት ከሞት ሊያስነሣቸው የሚጥር ወጣት አልኬሚስት (ማዕድናትን እያጋለና እየቀላቀለ ሞትን የሚያሸንፍ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው) ነው። ምድጃው ላይ ምን ቢጥድ ለአንባቢ እውነት ይመስላል?

የመጀመሪያ መልስ፦
ሲናባር የተባለውን ቀይ ማዕድን ይጣድ። ማዕድኑ ሲግል ድኙ ይለይና ብርማ ባዜቃ (ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት) ይወጣል፤ ባዜቃውን ከድኝ ጋር መልሰው ሲያሞቁት ደግሞ ቀዩ ማዕድን እንደገና ይገኛል። የጥንት ቻይና አልኬሚስቶች ሞትን ድል እንነሣለን ብለው ተስፋ ካደረጉባቸው ነገሮች አንዱ ይህ መመላለስ ነበር። ይሁንና ባዜቃ መርዝ ነው፤ የቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ሲወስድ ቆይቶ በ846 እ.ኤ.አ. ሞቷል። ስለዚህ ወጣቱ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ድዱ እየደማ ሲሠራ ያሳዩን።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የነፍስ ነገር ነው። በጥንቱ የቻይና እምነት ሰው ወደ ላይ የምትወጣ «ሁን» እና ከሥጋ ጋር ወደ መሬት የምትወርድ «ፖ» የሚባሉ ነፍሳት አሉት። ሰው እንደ ሞተ አንድ ሰው የሟቹን ልብስ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣና ወደ ሰሜን ዞሮ ሦስት ጊዜ ይጠራው ነበር። እኛ ጣና ዳር ያደግን ሰዎች ለሟች በ40ኛው ቀን ተዝካር እናወጣለን እንጂ ተመለስ ብለን አንጠራም፤ ስለዚህ ሥርዓቱን አብራርተው ይጻፉት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጣሪያውን ጥሪ የመጀመሪያ ምዕራፍ አደርገዋለሁ። የድዱ መድማት ግን እናቱ ከመነሣቷ በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
በፊት ይሁን። የባዜቃ ጭስ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ስለሆነ፣ አንባቢው አደጋውን ከወጣቱ ቀድሞ ሊያየው ይገባል።