ጌም ቦይ በባቲ ቅኝት፦ ኖታ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ላይኛው ኦክታቭም ይሰበራል

ጦሳ_8ቢት (ደሴ)

ሰላም ጀማዓ። ዕቃው ይኸውላችሁ፦ የ1989 ሞዴል ግራጫው ጌም ቦይ፣ ኤምጂቢ (ጌም ቦዩ በሚዲ፣ ማለትም በሙዚቃ መሣሪያዎች የመልእክት ቋንቋ፣ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ፕሮግራም) ያለበት ፍላሽ ካርትሪጅ፣ አርዱይኖቦይ (ሚዲውን በሊንክ ገመድ ለጌም ቦዩ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) የተጫነበት አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ከፊቱ ደግሞ በሌላ አርዱይኖ በእጅ የተሠራ የሚዲ ሳጥን። ሳጥኑ እንደ ክራር አውታር 5 ቁልፍ አለው፤ ጎኑ ላይ ያለችው ማዞሪያ ቅኝት ትቀይራለች፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ቁልፉ ሲነካ 144፣ የኖታው ቁጥር፣ 100 ይወጣል፤ ሲለቀቅ 128፣ ያው ቁጥር፣ 0።

አንዱ ችግር፣ ኖታው አንዳንዴ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዳንዴም ያልተነካ ድምፅ ይወጣል፤ 60 ተልኮ 56 የሚሰማበት ጊዜ አለ። ኦፕቶው (የሚዲ ሲግናሉን በውስጡ ባለች መብራት የሚያሳልፈው ቺፕ) ከሞተ የስልክ ቻርጀር የተነቀለ ፒሲ817 ነው፣ ፑልአፑ (መውጫውን ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) 10 ኪሎ ኦም። ሌላው፣ ባቲ ታች ላይ ሸጋ ነው፤ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሲ እና ዶ ይጠባበቃሉ፣ ጆሮ ይቆረቁራል። ደግሞም ከሄድፎን ቀዳዳው ወደ ሚክሰር ሲገባ ሹሹታው ከዜማው እኩል ነው።

ከየት ልጀምር?


ቦርከና_ካውያ (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። 60 ልከህ 56 መስማትህ ራሱ ምርመራውን ጨርሶልሃል።

ሚዲ በሴኮንድ 31,250 ቢት ነው፤ ለአንድ ቢት ያለችው ጊዜ 32 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ናት። ፒሲ817 ቻርጀር ውስጥ ሥራው ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ማለቱን መንገር ነው፣ ሩጫ አልለመደም። በተለይ በ10 ኪሎ ኦም ፑልአፕ ቶሎ ይከፈታል፣ ለመዘጋት ግን ይዘገያል። በሚዲ የኦፕቶው መብራት የሚበራው ለ0 ነውና 0ው ይለጠጥና ቀጥሎ የሚመጣውን 1 ይበላዋል። 60 ማለት 4፣ 8፣ 16 እና 32 ተደምረው ነው። የሚላከው ከትንሹ ጀምሮ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበላው 4 ነው፤ 56 ይቀራል። 64 ደግሞ አንዲት 1 ብቻ ነው ያላት፤ እሷ ከተበላች 0 ሆና ቁጭ። የማጥፊያው መልእክት በተሳሳተ ቁጥር ሲደርስ ጌም ቦዩ ያልነበረ ኖታ ያጠፋል፣ የነበረው ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ሳጥኑ ላይ ምንም ጥፋት የለም።

6ኤን138 (ፈጠን ያለ ኦፕቶ) አስገባ። እግር 2 ከዲን ሶኬቱ (ከክቡ የሚዲ መሰኪያ) ቀዳዳ 4 በ220 ኦም በኩል፣ እግር 3 ከሶኬቱ 5 በቀጥታ። በ2 እና በ3 መካከል 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ቀለበቷ ወደ 2። እግር 8 ለ5 ቮልት፣ እግር 5 ለግራውንድ፣ በሁለቱ መካከል 100 ናኖ ፋራድ። እግር 6 ወደ አርዱይኖው 0 ይሄዳል፣ ከ5 ቮልት ጋር በ470 ኦም ይያያዛል። እግር 7ን በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አውርደው። ብዙ ሰው ይህችን እግር ባዶ ይተዋትና «6ኤን138 ቀይሬም ያው ነው» እያለ ይመለሳል፤ ሬዚስተሯ ከሌለች ይሄም ለመዘጋት ይዘገያል።

እስክታገኘው ድረስ በፒሲ817ቱ ላይ ፑልአፑን ወደ 2.2 ኪሎ ኦም አውርደህ ሞክር። ይሻላል እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፤ ሁሉም ፒሲ817 እኩል ጉልበት የለውም።

ዲን ሶኬት የሚያሳስተው ደግሞ ይሄ ነው፦ ቀዳዳዎቹ በተራ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 አይደሉም። በቅስቱ ላይ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ብለው ነው የተደረደሩት፤ ከኋላ ስትበይድ ደግሞ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ሚዲ የሚቀበለው በኩል 2ኛዋን ከግራውንድ ጋር አታገናኛት፣ የኦፕቶው ጥቅም እሱ ነውና። ፕሮግራም ስትጭንም የአርዱይኖውን 0 ገመድ ንቀል፤ ካልነቀልክ ጭነቱ እየተቋረጠ ያደክምሃል።

በነገራችን ላይ ሁለት አርዱይኖ ለምን አስፈለገ? ቁልፎቹን እዚያው አርዱይኖቦዩ ላይ አስረህ ባይቱን በቀጥታ በሊንክ ገመዱ መላክ ይቻላል። ኦፕቶም ዲንም አያስፈልግህም ነበር።


ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

ቦርከና፣ ሳጥኑ ሚዲ ሆኖ መቅረቱ ይሻላል፤ ነገ ከኪቦርድ ወይ ከኮምፒውተር ጋርም ይሠራለታል። ወደ ቅኝቱ ልግባ።

ጌም ቦይ ድምፅ የሚያወጣው በማካፈል ነው። የሁለቱ ፐልስ ቻናሎች ድግግሞሽ 131,072 ሲካፈል ለ(2048 ሲቀነስ ኤክስ) ነው፤ ኤክስ ለቺፑ የሚሰጠው ቁጥር ነው፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ በመካከል ነጥብ የለም። ታች ላይ አካፋዩ ትልቅ ስለሆነ ስህተቱ አይሰማም። 440 ኸርዝ ላይ አካፋዩ 298 ነው፣ የሚወጣው 439.8፤ ይህን ማንም አይለየውም። ላይ ስትወጣ ግን አካፋዩ ያልቃል። 1760 ኸርዝ ላይ ምርጫህ 74 ወይም 75 ነው፦ ወይ 1771 ወይ 1748። የሚፈለገው በመካከላቸው ወድቋል።

አሁን የአንተን ባቲ እንይ። ላይኛው ሲ 1975.5 ኸርዝ ነው፤ ቅርቡ አካፋይ 66፣ የሚወጣው 1986፣ ማለትም 9 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከፍ። ቀጥሎ ያለው ዶ 2093 ነው፤ ቅርቡ አካፋይ 63፣ የሚወጣው 2080.5፣ 10 ሴንት ዝቅ። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ወረደ፤ 100 ሴንት መሆን የነበረበት ግማሽ ድምፅ 80 ገደማ ሆነ። ጆሮህ አልዋሸህም። ሙሉው ትዝታ ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም፣ ግማሽ ድምፅ የለበትማ። ሙሉው ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ውበታቸው እዚያች ጠባብ እርምጃ ላይ ነው።

ስለዚህ ፐልሱን ከ1050 ኸርዝ በላይ አታስወጣው፤ በሚዲ ቁጥር እስከ 84 ማለት ነው። የግድ ላይ መውጣት ካለበት መነሻውን በአንድ ወይ በሁለት ግማሽ ድምፅ አንሸራትተህ አካፋዮቹን በካልኩሌተር አስላ፤ አንዳንዱ መነሻ ላይ ቁጥሮቹ ደህና ይወድቃሉ።

በሳጥኑ የሚገቡት ርቀቶች፣ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ሲቆጠሩ፦

ትዝታ ሙሉው 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፤ ግማሹ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8
ባቲ ሙሉው 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ ግማሹ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10
አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8
አንቺ ሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9

ማዞሪያህ 4 ቦታ ብቻ ካላት ባለ 6 ቀይራት። «ባቲ» ብሎ አንዱን ብቻ የሚያስገባ ሳጥን፣ የከተማዋን ስም ጽፎ ግማሽ ዘፈኗን የተወ ነው። ስሟን ለሰኞ ገበያዋም ለቅኝቱም ላበደረች ከተማ ይሄ ይነሳታል?

የትኛው ቻናል ለምን እንደሚሆን ባጭሩ፦ ፐልስ (ሞገዱ ከፍ ብሎ የሚቆይበት ድርሻ) 12.5 ወይም 25 በመቶ ላይ ቀጭን ስለሆነ ለክራር ይሄዳል። 50 በመቶ ወፈር ይላል። ዋሽንት ከፈለግክ ዌቭ ቻናሉ ነው፤ 32 ነጥብ፣ እያንዳንዷ 4 ቢት፣ ለስላሳ ቅርጽ ይይዛል። እሱ ላይ ያው ኤክስ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል፣ የድምፅ መጠኑም 4 ደረጃ ብቻ ነው (0፣ 25፣ 50፣ 100 በመቶ)፤ ቀስ ብሎ እንዲከስም አትጠብቀው። ኖይዙ (የሹሹታው ቻናል) ለጭብጨባ ይሆናል። ከበሮ ግን ከኖይዝ አይወጣም፣ ጭስ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ዱምታው የሚመጣው ፐልስ ወይም ዌቭ ላይ ኖታውን በፍጥነት ወደ ታች ስታንሸራትት ነው።

ለጭክችካው በኤልኤስዲጄ (በጌም ቦይ ላይ ሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም) የምትሠሩ ካላችሁ፣ ፍሬዙ (አንዱ የኖታ ዝርዝር) 16 እርምጃ ስለሆነ በእንግሊዝኛው C ፊደል በምትጠራው እርምጃ ላይ ኤች00 አስገቡ። በ12 ይቆረጥና 6/8 ይሆናል። ፍሬዞቹ ሁሉ ላይ ካልገባ ግን አንዱ በ16 ይሄድና ምቱ ይፈርሳል።


ገራዶ_ሽቦ (ደሴ)

የሹሹታው ነገር። የሄድፎን ቀዳዳው ድምፁን የሚሰጥህ በትንሿ ማጉያ ቺፕ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሹሹታውን የምትጨምረው፣ ቤዙንም የምትበላው እሷ ናት። መፍትሔው ድምፁን ከቮልዩም ማዞሪያው በፊት መጥለፍ ነው።

የጀርባው ብሎን ብዙ ጊዜ ባለ 3 ጥርስ ነው፤ ቢላ አታስገባ፣ ጥርሱን ይበላዋል። ቦርዱን ከፍተህ የቮልዩም ማዞሪያውን እግሮች አግኝ። የትኛው መግቢያ የትኛው መውጫ እንደሆነ በጆሮ ይለያል፦ የሚክሰሩን ግራውንድ ከቦርዱ ግራውንድ ጋር እሰር፣ የሲግናሉን ሽቦ ጫፍ በ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አሳልፈህ እግሮቹን በየተራ ንካ፣ በሌላ እጅህ ቮልዩሙን አዙር። ስታዞር ድምፁ ከፍ ዝቅ የማይልበት እግር የምትፈልገው ነው። ሁለት ታገኛለህ፣ ግራና ቀኝ። ሦስተኛው ሽቦ ግራውንድ ነው።

ካውያው ከ3 ሴኮንድ በላይ አይቆይ፤ የማዞሪያው ሆድ ፕላስቲክ ነው፣ ከቀለጠ ቮልዩሙ እየተንኮሻኮሸ ይቀራል። ገመዱ ሽፋን ያለው ይሁን። አሰላለፉ ደግሞ ከትንሿ የኃይል ቦርድ ይራቅ፤ አጠገቧ ካለፈ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ከመዝጋትህ በፊት በመልቲሜትር የዲሲ ቮልት ለካ። ካለ ካፓሲተሮቹን እዚያው ተዋቸው፣ ፖዘቲቩ ወደ ጌም ቦዩ። ከተሠራ በኋላ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ወደ ሚክሰር የሚሄደው አይቋረጥም፤ ስፒከሩን ዘግተህ መጫወት ትችላለህ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ 4 ድንጋይ ከሁሉም ይበልጥ ጸጥ ያለ ነው። ባለ 1.2 ቮልት የሚሞላውም ይሠራል። አዳፕተር ከሆነ 6 ቮልት ሆኖ የጫፉ መሃል ኔጌቲቭ ነው፤ ገበያ ላይ የሚበዛው መሃሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሳትለካ አትሰካ። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ላይ የምታደርጉ፣ ጌም ቦይ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ አንዳንዱ ፓወር ባንክ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ በመሃል ይዘጋል።


ጦሳ_8ቢት

ጀማዓ፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። 6ኤን138 ገብቷል፣ እግር 7 ላይ 10 ኪሎ ኦም ተበይዷል፤ 60 እንደ 60 ይደርሳል፣ የሚንጠለጠልም የለም። ባቲው 84 ላይ እንዲያበቃ ሆኗል፣ ሲ እና ዶ ተስማምተዋል። ከማዞሪያው በፊት ተጠልፎም ሹሹታው ሄዷል፤ አሁን የቀረው ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን የሚመጣ ጉምጉምታ ነው።

እህቴ ሐይቅ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። አንቺ ሆዬ በቁጥሮቹ ትክክል ነው፣ ግን ከማሲንቆ ጋር ሲሰማ 6 የምትለዋ ከፍ ያለች ትመስላለች። እሷን ብቻ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?


ገራዶ_ሽቦ

ጉምጉምታው የግራውንድ ዙር ነው። ኦፕቶው የሚለየው ሳጥኑን ነው፤ አርዱይኖቦዩና ጌም ቦዩ ግን በሊንክ ገመዱ አንድ ግራውንድ ላይ ናቸው፣ እሱም በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ቻርጀር ጋር። አርዱይኖቦዩን ለብቻው በፓወር ባንክ አስነሳው። በሊንክ ገመዱ ውስጥ ያለችውን የ5 ቮልት ሽቦ ደግሞ ቁረጣት፤ ሁለት ኃይል እርስ በርስ እንዳይገፋፋ። የሽቦውን ቀለም ግን አትመን፣ በመልቲሜትር ለይተህ ነው የምትቆርጠው።


ሐይቅ_ዳር

ይቻላል። ማሲንቆ በጣት ነው የሚቃኘው፣ ከፒያኖ ጋር ውል የለውም። ኖታውን ከላክ በኋላ ወዲያው 224፣ 0፣ 64 የሚል የቤንድ (ድምፁን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ) መልእክት ጨምር፤ 64 መሃሉ ነው፣ ምንም አይነካም። ለዚያች 6 ለምትለዋ ቁልፍ ብቻ የመጨረሻውን ቁጥር 62፣ 61፣ 60 እያልክ ማሲንቆው አጠገብህ ሆኖ በጆሮ አውርደው። ሦስቱ ባይት 1 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው የሚፈጀው፣ መዘግየቱ አይታወቅም። 64ቱን ግን ለሌሎቹ 4 ቁልፎችም ሁልጊዜ ላክ። ቤንዱ የሚቆየው በቻናሉ ላይ እንጂ በኖታው ላይ አይደለም፤ አንዴ አውርደህ ካልመለስከው ቀጣዩ ዶ ራሱ ዝቅ ብሎ ይመጣና ቅኝቱ ሁሉ ይንጋደዳል።