«ደረሰኝ አትቁረጪ» ስባል ምን ልመልስ?

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ካሸር ነኝ። አሠሪዬ 15 በመቶውን ቫት ሽሽት «ገዢው ካልጠየቀሽ ደረሰኝ አትቁረጪ» ይለኛል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ስትታመም ያሳከመልኝ እሱ ነው፣ አፌን የያዘኝም ይኸው ነው።

ሮሜ 13፥7 «ግብር ለሚገባው ግብርን» ይላል፤ እዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግራ ያጋባኝ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ነው። 2ኛ ነገሥት 5፥18 ላይ፣ ጌታው እጁን ተደግፎ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሮ ስለሚሰግድ ይቅርታ ለመነ፤ ነቢዩ ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው። ይህ ለእንደኔ ዓይነቷ ተቀጣሪ ይሠራል ወይስ ለራሴ እያመቻቸሁት ነው?

ንስሐ አባቴ «ልቀቂ» ብለውኛል። የቤት ኪራዩስ? እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ አለቃችሁን ሳታስቀይሙ በምን አፍ ነገራችሁት? ብቻውን ሲሆን ልንገረው ወይስ በሽማግሌ?