«የባህር ላይ ወንበዴ» ወይስ «የባህር ሽፍታ»?

ጠያቂው፦
ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ስለ ሶማሊያ የመርከብ ጠለፋ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አንዱ ዜና «የባህር ላይ ወንበዴ» ይላል፣ ሌላው «የባህር ሽፍታ»። ልዩነት አላቸው? ለጥንቶቹ መርከብ ዘራፊዎችስ፣ ለነብላክቢርድ፣ የትኛው ይስማማል?

ከደብረ ማርቆስ፦
ልዩነትማ አላቸው ወንድሜ፣ ያውም ትልቅ። ሽፍትነት ውስጥ ቂም አለ። የተበደለ ሰው «ዱር ቤቴ» ብሎ ይወጣል። የቋራው ካሳ ሸፍቶ ነበር፤ በ1855 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ስለዚህ ቃሉ ነቀፋም ክብርም ይሸከማል። «ልቤ ሸፈተ» እንላለን። «ልቤ ወነበደ» ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ወንበዴ የሚፈልገው ንብረትህን ነው፣ በቃ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ከጌታ ጋር የተሰቀሉትን ሁለቱን «ወንበዶች» ይላቸዋል። በርባንንም እንደዚሁ። ደርግ ጫካ የገቡትን ተዋጊዎች ወንበዴ ይል የነበረውም ለዚህ ይመስለኛል። ሽፍታ ቢላቸው «ማን በደላቸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ለጥንቶቹ ነገሩ ይወሳሰባል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ፍራንሲስ ድሬክ ለስፔኖች ወንበዴ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን ከዘረፈው ድርሻዋን ወስዳ በ1581 የባላባት ማዕረግ ሰጠችው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ ወጥ ቃል የለንም። «ዘውድ የፈቀደለት ዘራፊ» ብትለው ይሻላል።

ከጅግጅጋ፦
ሶማሊኛው «ቡርዓድ ባደድ» ነው፤ የባህር ወንበዴዎች ማለት ነው። ራሳቸው ግን እንዲህ አይሉም ነበር። የባህር ዳርቻ ጠባቂዎች ነን ነበር የሚሉት። መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ የውጭ መርከቦች ያለ ፈቃድ ገብተው ዓሣውን ያግበሰብሱት ነበር። ያ እውነት ነው። ስለዚህ ሲጀምሩ ለሽፍታ ቀርበው ነበር ብል ደስ ይለኛል።

ግን በ2005 ሴምሎው የምትባለውን መርከብ ያዙ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የላከውን ሩዝ ነበር የጫነችው። ሩዙ ለማን ነው? ሱናሚ ለመታቸው ሶማሌዎች። ከ3 ወር በላይ አቆይዋት። የራሱን ወገን እህል የሚያግት ሰው ሽፍታ አይባልም። እኔ እዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ጠያቂያችን፣ ከስሙ ይልቅ ግሡን ልብ ይበሉት። ስለ ድሮዎቹ ሲጽፉ «ዘረፉ» ይበዛል። በ1695 እንግሊዛዊው የባህር ወንበዴ ሄንሪ ኤቨሪ በቀይ ባህር መግቢያ፣ ባብኤልማንደብ አጠገብ አድፍጦ ከመካ የሚመለሱትን የሕንድ መርከቦች ጠበቀ። ከዚያ አሳደደና ትልቋን ዘረፈ። ወርቅና ብሩን ይዞ ጠፋ። የሶማሊያዎቹ ግሥ «አገቱ» ነው። በ2008 ፋይና የምትባለውን መርከብ ሲይዙ 33 ታንኮች ነበሩባት። ታንኮቹን አላወረዱም። መርከቧን ከነሠራተኞቿ አቁመው ለወራት ጠበቁና 3.2 ሚሊዮን ዶላር ተቀበሉ። ሸቀጡ ሰው ሆነ ማለት ነው። ሳስበው ያመኛል። እኔ ብሆን «አጋች» የሚለውን እደጋግመው ነበር።

ማገት ግን አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዩልዮስ ቄሳርን በወጣትነቱ የባህር ወንበዴዎች ይዘውት 20 መክሊት ሲጠይቁ፣ እኔ 50 አወጣለሁ ማለቱን የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። ብላክቢርድም በ1718 በአሜሪካ የወደብ ከተማ በቻርልስተን ደጃፍ ላይ ሰዎች ይዞ የጠየቀው አንድ ሣጥን መድኃኒት ነበር። አዲሱ ነገር መርከቧን ወር ከወር አቁሞ የሚያስጠብቅ መንግሥት አልባ ዳርቻ መገኘቱ ነው።

ጠያቂው፦
እሺ፣ ገብቶኛል። ገንዘቡንስ «ቤዛ» ልበለው?

ከደብረ ማርቆስ፦
በቃሉ ትክክል ነው። ጆሮዬ ግን እምቢ ይላል። ላሊበላ ላይ በገና ማለዳ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ሰምቻለሁ። ሲርየስ ስታር ለምትባለው የሳዑዲ ነዳጅ መርከብ ገንዘቡ በጃንጥላ ከአውሮፕላን ነው የተጣለው። ያንን ቤዛ ማለት ይከብደኛል። «ማስለቀቂያ ገንዘብ» ይበሉት።

ከጎንደር፦
ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ወንጌሉ «ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ» ሲል ሰሚዎቹ የገባቸው ምርኮኛ በዋጋ ሲለቀቅ ስለሚያውቁ ነው። ገንዘቡን ከአጋቹ በኩል ካየነው ዘረፋ ነው። ባሏ መርከብ ላይ ተይዞ ወራት ለምትቆጥር ሴት ግን ቤዛ ነው። ጠያቂያችን፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ማን ነው?