የኤምኢ/ሲኤፍኤስ ጥናቶችን በማሽን ለርኒንግ መመርመር፦ ዝርዝሬ ለምን ያጠራጥራል?

ሀና_ዳታ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሥር የሰደደ ድካም ሲንድረም (ኤምኢ/ሲኤፍኤስ) የወጡ አብስትራክቶችን (የጥናት ማጠቃለያዎችን) ከሕክምና ጽሑፎች ማውጫው ከፐብሜድ አውርጄ፣ ከበሽታው ጋር አብረው የሚጠቀሱ ጂኖችን፣ ፕሮቲኖችንና ተሕዋስያንን በሕክምና ጽሑፎች በሠለጠነው የቋንቋ ሞዴል በባዮበርት እየለቀምኩ ነው። ደረጃ ሳወጣላቸው ኢንተርሉኪን-6 (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን)፣ ኤክስኤምአርቪ የተባለው ቫይረስና ላክቶባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ከላይ ይመጣሉ። ጥፋቱ የሞዴሉ ነው የዳታው? ውጤቱንስ በምን ልፈትነው?

ቃል_ቆጣሪ
እህቴ ሀና፣ ሞዴሉን ለጊዜው ተዪው፤ ችግሩ ከዳታው ነው።

ከላክቶባሲለስ እንጀምር። «ሲኤፍኤስ» የሚለውን ምህጻር ብቻ ከፈለግሽ የማይክሮባዮሎጂ ጽሑፎችም ይመጡልሻል፤ እነሱ ዘንድ ባክቴሪያ ካደገበት ፈሳሽ ሴሎቹ ተለይተው ሲወጡ የሚቀረው ፈሳሽ በዚሁ ምህጻር ይጠራል። ሙሉ ስሙ በዚያው አብስትራክት ውስጥ ካልተጻፈ ምህጻሩን አትቀበዪ። ፐብሜድ ላይ ለየጽሑፉ የሚለጠፈው የርእስ መለያ (ሜሽ) ብቻውንም አይበቃም፤ አዳዲስ ጽሑፎች መለያው እስኪለጠፍላቸው ያመልጡሻል፤ ስለዚህ ሙሉ ስሙንና መለያውን በ«ወይም» አጣምሪ። «ሥር የሰደደ ድካም» ብቻ የሚል ሐረግ ደግሞ የካንሰርና የኤምኤስ (የነርቭ በሽታ) ሕመምተኞችን ድካም ይዞብሽ ይገባል። በኤፒአይ (በፕሮግራም በቀጥታ ዳታ በሚጠየቅበት መንገድ) የምታወርጂ ከሆነ አንድ ፍለጋ የሚመልሰው የመጀመሪያዎቹን 10,000 ብቻ ስለሆነ በዓመት ከፋፍይው። ያለ ኤፒአይ ቁልፍ በሰከንድ 3 ጥያቄ፣ በቁልፍ 10 ይፈቀዳል።

ኤክስኤምአርቪ ሌላ ነገር ነው። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ከበሽታው ጋር ተያይዞ ወጣ፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሊደግሙት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ምንጩ የላቦራቶሪ ብክለት መሆኑ ታወቀና መጽሔቱ በ2011 መጨረሻ ጽሑፉን ሰረዘው። የተሰረዘውን ጽሑፍ በፐብሜድ የኅትመት ዓይነት መለያ ማስወጣት ቀላል ነው። «ፈልገን አጣነው» የሚሉት ግን ይቀራሉ፤ ቆጣሪሽ ደግሞ «አጣን»ን ከ«አገኘን» አይለይም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹን «ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ለውጥ የለም፣ አልተገኘም፣ ግልጽ አይደለም» ብሎ የሚመድብ ትንሽ ሞዴል ያስፈልግሻል። ከ300 እስከ 500 ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይመድቡ። የስምምነታቸው መለኪያ (ካፓ፤ 1 ማለት ፍጹም ስምምነት) ከ0.6 በታች ከሆነ ሞዴል አታሠልጥኚ፤ መጀመሪያ የአመዳደብ መመሪያውን አስተካክይ።

ሐኪም_ዘነርቭ
ከዚህ የባሰ ነገር አለ፦ ጽሑፎቹ ስሙን ይጋራሉ እንጂ የሚያጠኑት አንድ ዓይነት ሕመምተኛ አይደለም። የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ፒኢኤም ነው፤ ሰውየው በአካል ወይም በአእምሮ ጥቂት ከለፋ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ፣ ሕመሙ ሁሉ ይብስበታል። በሽታውን ለመለየት የወጣው የ1991ዱ የኦክስፎርድ መስፈርት ይህን አይጠይቅም። የ1994ቱ የፉኩዳ መስፈርት ከ8 ምልክቶች 4ቱን ይጠይቃል፤ ፒኢኤም ከስምንቱ አንዱ ብቻ ስለሆነ ሳይኖርም ማለፍ ይቻላል። የ2003ቱ የካናዳ መስፈርትና በ2015 በአሜሪካ የወጣው መስፈርት ግን የግድ ይሉታል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ካፈሰስሻቸው ሞዴሉ የሚማረው የድካምን አማካይ እንጂ የበሽታውን ባዮሎጂ አይደለም።

መስፈርቱ አብስትራክት ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ የሚገኘው በጥናቱ ዘዴ ክፍል ነው። ስለዚህ በፒኤምሲ (የሙሉ ጽሑፎች ማከማቻ) ነጻ ስብስብ ውስጥ ያሉትን ሙሉ ጽሑፎች ውሰጂ። «ፉኩዳ» ወይም «የካናዳ መስፈርት» የሚለውን ለመልቀም ትልቅ ሞዴል አያስፈልግም፤ ተራ የጽሑፍ ፍለጋ ሕግ ይበቃል፣ ሲሳሳትም ምክንያቱ ይታያል። ከዚያ ዝርዝሩን ፒኢኤምን የግድ ለሚሉት ለብቻው አውጪ። በደረጃው ላይ ከፍተኛ መዛወር ካየሽ መስፈርቱ ውጤቱን ይወስናል ማለት ነው።

የናሙና ብዛትም ይመዝገብ። በዚህ ዘርፍ ትንንሽ ጥናት ይበዛል፤ በ2024 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥልቅ ምርመራ እንኳ 17 ሕመምተኞች ነበሩት። ማነጻጸሪያ የሆኑት ጤነኞች ንቁ ናቸው ወይስ ብዙ የሚቀመጡ? ይህ ካልተያዘ አለመንቀሳቀስ ያመጣው ለውጥ በበሽታው ስም ይመዘገባል። ከደምና ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የተለካውንም አትደባልቂ።

ሀና_ዳታ
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመስፈርቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ገና ያልተጻፈ ግንኙነት ለመገመት ብፈልግስ?

ግራፍ_ሠሪ
የዚህ መንገድ መነሻ የመረጃ ሳይንስ ተመራማሪው የዶን ስዋንሰን የ1986 ሥራ ነው። አንዱ ወገን የዓሣ ዘይት የደምን ውፍረት ይቀንሳል ይላል፤ ሌላው ወገን በሬይኖ ሕመም (ጣቶች በብርድ ጊዜ ደም የሚያጡበት) የደም ውፍረት ይጨምራል ይላል፤ ሁለቱን ያገናኘ ግን አልነበረም። ኤምኢ/ሲኤፍኤስ ላይ ይህን ስትሞክሪ የሚያበላሸው ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው መካከለኛው ቃል ነው። «ኢንፍላሜሽን» እና «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» ሁሉን ከሁሉ ያገናኛሉ፤ ከብዙ በሽታዎች ጋር የተሳሰረ መካከለኛ ቃል ይውጣ።

ለመፈተን እስከ 2015 ባለው አሠልጥኚ፣ ከ2016 ወዲህ በተጻፈው ፈትኚ። እዚህ ላይ ባዮበርትን አትጠቀሚ፤ በ2019 ሲወጣ ፐብሜድን አንብቦ ስለመጣ የፈተናውን መልስ አስቀድሞ አይቶታል። እስከ 2015 በወጡ ጽሑፎች ብቻ ራስሽ ያሠለጠንሽው ዎርድ2ቬክ (ቃላትን በቁጥር የሚወክል ቀላል ሞዴል) ያንሳል፣ ግን ሐቀኛ ነው። ከጎኑም ጂኖችን በጠቅላላ የጽሑፍ ብዛታቸው ብቻ የሚደረድር ዝርዝር አስቀምጪ። ኢንተርሉኪን-6 በየትኛውም በሽታ ከላይ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ 50 ላይ ሞዴልሽ ይህን ዝርዝር ካልበለጠ የተማረው ዝናን ነው። የግምገማ ጽሑፎችንም አውጪ፤ አንዱን ግኝት አሥር ጊዜ ያስቆጥሩብሻል።

አንድ ሌላም አለ፦ በእንግሊዝኛ «ዕረፍት» ማለት የሆነው «ሬስት» በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ የአንድ ጂን ምልክትም ነው። ስለ ድካም በሚወራበት ጽሑፍ ሁሉ ዕረፍት አለ። ጽሑፉን ወደ ትንንሽ ፊደል ከቀየርሽው ጂኑና ዕረፍቱ አይለዩም።

ሀና_ዳታ
አሁን ዝርዝሬን ከፍቼ አየሁት፤ ሬስት 6ኛ ላይ ተቀምጧል። ፊደሉን ሳልቀይር፣ መስፈርቱንም ለይቼ ከመጀመሪያው አስኬደዋለሁ።